ከማዕበሉ በኋላ በራችንን አንኳኩ

ይድረስ ለሂዩስተን ከተማ ጤና መምሪያ፣ ለሃሪስ ካውንቲ የሕዝብ ጤና መሥሪያ ቤት እና ለቴክሳስ የጤና አገልግሎት መምሪያ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ሠራተኞች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

እኔ ደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን የምኖር ኢትዮጵያዊት ነኝ። የምተዳደረው ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን በመንከባከብ ነው። የዚህን ደብዳቤ እንግሊዝኛ ለእናንተ ልኬዋለሁ። አማርኛውን በግልጽ ያወጣሁት ወገኖቼም እንዲያነቡት ብዬ ነው። የምጠይቃችሁ ነገር ያለ እነሱ አይሆንም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ማዕበል አልፎ መብራት ሲጠፋ፣ በዚያው በመጀመሪያው ቀን፣ በማሽን የሚተነፍሱትንና ብቻቸውን የሚኖሩትን ሰዎች በር አንኳኩ። እስኪደውሉላችሁ አትጠብቁ። መጠለያ ድረስ ይመጣሉ ብላችሁም አትጠብቁ። ሂዱላቸው።

ሃሪኬን ቤሪል ሰኞ ጁላይ 8 ቀን 2024 ሊነጋጋ ሲል በቴክሳስ ባሕር ዳርቻ፣ በማታጎርዳ በኩል ገባ። ደረጃው አንድ ነበር። ብዙዎቻችን "አንድ ምን ያመጣል" ብለን ተኝተናል። ነፋሱ በጥቂት ሰዓት አለፈ። መብራቱ ግን ሄደ። ከመብራት ኩባንያው ከሴንተርፖይንት ደንበኞች ብቻ ከ2.2 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ጨለማ ውስጥ ቀሩ። ከሳምንት በላይ የቆየባቸውም ነበሩ። የኩባንያው የመብራት ካርታ ስለማይሠራ፣ ሰው መብራት የት ሰፈር እንዳለ የሚያውቀው የዋታበርገርን መተግበሪያ ከፍቶ ነበር። የትኛው በርገር ቤት ክፍት እንደሆነ እያየ ወደዚያ ይነዳል። መረጃ ያጣ ሰው ያገኘውን ይይዛል።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። በማግስቱ ሰውነት ላይ የሚሰማው ሙቀት ከ38 ዲግሪ በላይ ነበር። ኤሲ የሌለው አፓርታማ በሁለት ቀን ምጣድ ይሆናል። ግድግዳው ሌሊቱን ሙሉ የቀኑን ሙቀት ይተፋል።

እኛ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት እናት ይኖራሉ። ሁላችንም እማማ እያልን ነው የምንጠራቸው። ቀንና ሌሊት የሚተነፍሱት በኦክስጅን ማሽን ነው። ማሽኑ ደግሞ ሶኬት ይፈልጋል። ልጃቸው የሌሊት ሥራ ላይ ነበረች፤ ዛፍ ወድቆ መንገድ ስለዘጋባት ወደ ቤት መመለስ አልቻለችም። ጠዋት ላይ ስወጣ መጠባበቂያዋን ትንሿን ሲሊንደር ከፍተው አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱን ከፍተውታል። ፊታቸው በላብ ርሷል።

ውሃ አቀረብኩላቸው። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልቆይ" አሉኝ። የሰኔ ጾም ላይ ነበርን። ቀኑ በእኛ ሐምሌ 1 ነበር፤ ጾሙ ሊያበቃ አራት ቀን ይቀረዋል። "እማማ፣ ለታመመ ሰው ጾም የለበትም፣ አባም ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉዎት" ብዬ በስንት ልመና አጠጣኋቸው። ይህን የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? የትኛውም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ላይ "ብዙ ውሃ ይጠጡ" የሚል አለ። በዚያ ሳምንት ግን ስንት እናቶቻችን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በዚያ ሙቀት እንደተቀመጡ እናንተ ልታውቁ አትችሉም። እኛን ብትጠይቁን እንነግራችሁ ነበር። አንድ ቄስ ድምፁን ቀድቶ "ወገኖቼ፣ ውሃ ጠጡ" ቢል፣ አንድ ሺህ በራሪ ወረቀት የማይሠራውን ይሠራል።

አንድ የእርዳታ መስመር ላይ ደወልኩ። የማን እንደሆነ አልጽፍም፤ ስልኩን ያነሳችው ልጅም ደክሟት ነበር። ስፓኒሽ የሚፈልግ ሁለትን ይጫን ይላል። አማርኛ የሚባል የለም። እኔ በእንግሊዝኛ አስረዳሁ። ወደ ኩሊንግ ሴንተር፣ ሰው ከሙቀት ወደሚጠለልበት ቀዝቃዛ አዳራሽ፣ ውሰጃቸው አለችኝ። አሳንሰሩ ቆሟል፣ ሴትዮዋ ደረጃ መውረድ አይችሉም አልኳት። ትራንስፖርት ልጠይቅልሽ፣ ጠብቂ አለችኝ። ጠበቅኩ። የስልኬ ባትሪ 11 ከመቶ ሲደርስ ዘጋሁት። እኔ እንግሊዝኛ እየቻልኩ እንዲህ ከሆነ እማማ ብቻቸውን ቢሆኑ ማንን ይጠሩ ነበር?

ቀጥሎ የሆነውን ሳስበው እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ከታች ፎቅ ሁለት ወጣቶች ጄኔሬተር ይዘው መጡ። የቅን ሰው ልጆች ናቸው። ገመዱ አጭር ሆነባቸው፣ ውጭ ቢያስቀምጡት ደግሞ እንዳይሰረቅ ፈሩ። ስለዚህ ኮሪደሩ ላይ፣ እማማ በር አጠገብ አድርገው አስነሱት። እኔ በረዶ ፍለጋ ወጥቼ ስመለስ ማሽኑ እየሠራ ነው። እማማ "ራሴን ወጋኝ" አሉኝ። እንደ እብድ ሆንኩ። ልጆቹ ላይ ጮህኩባቸው። መስኮትና በሩን ሁሉ ከፍተን፣ ጄኔሬተሩን አጥፍተን እየጎተትን አወረድነው።

የጮህኩት 2021ን ስለማስታውስ ነው። በዚያ ፌብሯሪ ቴክሳስ በበረዶ ጨልማ ሳለች፣ እዚሁ ሂዩስተን ውስጥ ከእኛው ወገን እናትና ልጅ በካርቦን ሞኖክሳይድ ታፍነው ሞቱ። ሙቀት ፍለጋ ነበር። በዚያ ሳምንት በክፍለ ግዛቱ ከ1,400 በላይ ሰዎች በዚህ መርዝ ምክንያት ሐኪም ቤት ሄደዋል። ቤሪል ካለፈም በኋላ የሂዩስተን እሳት አደጋ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ200 በላይ የዚህ ዓይነት ጥሪ ደርሶታል። በረዶም ይሁን ሃሪኬን፣ መብራት ሲጠፋ አገዳደሉ አንድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል አንድ ነገር ልበል። "ካርቦን ሞኖክሳይድ" ለእማማ ምንም አይነግራቸውም። "ከሰል አፈናቸው" ብትሉ ግን አዲስ አበባ ወይ ደሴ ያደገ ሰው ሁሉ ወዲያው ይገባዋል። በክረምት ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው በዚያው የቀሩ ሰዎችን ታሪክ ሁላችንም እየሰማን ነው ያደግነው። ጄኔሬተርም፣ ጋራዥ ውስጥ የተነሳ መኪናም ያንኑ የከሰል መርዝ ነው የሚተፉት፤ ሽታ የለውም። አንድ ሰው ይህን በአማርኛ፣ በዚህ አነጋገር ቢነግራቸው ልጆቹ ያንን ጄኔሬተር ኮሪደር ላይ አያስነሱትም ነበር። በኮምፒውተር የተተረጎመ ወረቀት ይህን አያውቅም። ቡናውን በከሰል የሚያፈላ ሰው ነው የሚያውቀው። መብራት በጠፋ ቀን ስንት ቤት ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ጀበና እንደተጣደም እኔ አይቻለሁ።

እማማን ወንበር ላይ አስቀምጠን ልጆቹ ተሸክመው አወረዷቸው። ድንገተኛ ክፍል ወሰድናቸው። እዚያ ሁለት ቀን ኮሪደር ላይ ቆዩ። ሐኪሙ "ድነዋል፣ ግን መብራት ወደሌለው ቤት ልመልሳቸው አልችልም" አለ። እውነቱን ነው። በዚያ ሳምንት የከተማው ሆስፒታሎች በዚህ ዓይነት ሕመምተኛ ተጨናንቀው ኤንአርጂ አሬና በሚባለው ትልቅ አዳራሽ ውስጥ 250 አልጋ እስከ ማዘጋጀት ተደርሷል። ጥሩ ነገር ነው። ግን አስቡት። ያ ሁሉ አልጋ፣ ያ ሁሉ አምቡላንስ፣ እማማን በተመለከተ በአንድ ባትሪ ወይም በሁለት ተጨማሪ ሲሊንደር የሚተካ ነበር፤ ሰኞ ረፋድ ላይ አንድ ሰው ይዞላቸው ቢመጣ።

የፌደራሉ የጤና ሚኒስቴር ለቴክሳስ የሕዝብ ጤና አስቸኳይ ጊዜ ያወጀው ጁላይ 12 ነው። በእኛ ሐምሌ 5፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል ዕለት። አዋጁ ይጠቅማል። የመንግሥት የጤና መድኖቹ የሜዲኬርና የሜዲኬይድ ደንብ ይላላል፣ ሆስፒታሎች እጃቸው ይፈታል። አራት ቀን ግን በማሽን ለሚተነፍስ ሰው በጣም ረጅም ነው። በዚያ መሐል የሚደርስለት የቅርብ ሰው ነው፤ ከመንግሥት ደግሞ የቅርቡ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ነው ደብዳቤዬን ለዋሽንግተን ሳይሆን ለእናንተ የጻፍኩት።

በቴክሳስ በቤሪል ምክንያት ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከደርዘን በላይ የሚሆኑት መብራት ጠፍቶ በሙቀት የሞቱ ናቸው። ይህ የታወቀው ነው። ፖርቶ ሪኮ ላይ ሃሪኬን ማሪያ በ2017 ሲያልፍ መንግሥት ለወራት የሚናገረው የሟች ቁጥር 64 ነበር። ኋላ የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ከማዕበሉ በኋላ ባሉት ወራት ከወትሮው በላይ የሞተውን ሰው ሲቆጥሩ 2,975 ሆነ። መንግሥትም ቁጥሩን ተቀበለ። መብራት ለወራት በጠፋበት አገር መድኃኒት ሲያልቅበት፣ ማሽኑ ሲቆምበት የሞተው ሰው ብዙ ነው። የሞት ወረቀቱ ላይ "ልብ" ወይም "ስኳር" ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ስትቆጥሩም ለእነዚህ ሰዎች አስቡላቸው። ያልተቆጠረ ሰው ለሚቀጥለው ዓመት በጀት አይያዝለትም።

በዚያው በ2017 ፍሎሪዳ ውስጥ፣ ሆሊውድ በምትባል ከተማ፣ ሃሪኬን ኢርማ ኤሲውን ባቋረጠበት አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ 12 ሰዎች ሞቱ። ከመንገዱ ማዶ ሆስፒታል ነበር። አገር ደነገጠ። ፍሎሪዳ እንዲህ ያሉ ቤቶች ሁሉ ጄኔሬተር እንዲኖራቸው በሕግ አስገደደች። ያ የሆነው አሥራ ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ስለሞቱ ይመስለኛል። አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ፣ እያንዳንዱ በየአፓርታማው ቢሞት ኖሮ ማን ይደነግጥ ነበር? እኔ የምንከባከባቸው ሰዎች ሁሉ በየቤታቸው ያሉ ናቸው።

"ማን የት እንዳለ በምን እናውቃለን?" ትሉ ይሆናል። ታውቃላችሁ። የኦክስጅን ማሽኑን ሜዲኬር ይከፍላልና አድራሻው አለ። ኢምፓወር የሚባለው የፌደራል ፕሮግራም በየዚፕ ኮዱ ስንት ሰው በኤሌክትሪክ የሕክምና መሣሪያ እንደሚኖር ይነግራችኋል። አደጋ ሲመጣ ደግሞ የጤና መሥሪያ ቤት ከጠየቀ የሰዎቹን ዝርዝር ሚስጥሩን ጠብቆ ይሰጣል። ይህ ነገር የተሞከረው በ2013 ኒው ኦርሊንስ ላይ ነው፤ ከሃሪኬን ካትሪና በኋላ። የኦክስጅን ማሽንና የመተንፈሻ መሣሪያ ያላቸው 611 ሰዎች ተገኙ። ከእነሱ ውስጥ የከተማው የልዩ እርዳታ መዝገብ ላይ ስማቸው የነበረው 15 ብቻ ነበሩ። ሠራተኞች እየዞሩ በር ሲያንኳኩ ግን ሰዎቹ በአብዛኛው በተባለው ቦታ ነበሩ።

እኛም እዚህ መዝገብ አለን። ስቴር ይባላል፤ 211 ደውሎ መመዝገብ ይቻላል። የምንከባከባቸውን ሰዎች ሁሉ አስመዝግቤያለሁ። ሆኖም የሚመዘገበው የፈለገ ነው፤ መመዝገብም እርዳታ ለመድረሱ ዋስትና እንደማይሆን እዚያው ተጽፏል። ኒው ኦርሊንስ ላይ 15 ሰው ብቻ የተመዘገበው ሌላው ስላልታመመ አይደለም። ስላልሰማ ይመስለኛል።

የሜዲኬር ዝርዝርም ቢሆን ሁሉንም አይዝም። ልጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ እዚሁ የታመመ አባት አይገኝበትም። ጥገኝነት ጠይቃ መልስ የምትጠብቅ ሴት የለችበትም። ግሪን ካርድ ይዘው በስተርጅና የመጡ ወላጆች ሜዲኬር ለመግባት አምስት ዓመት መቆየት አለባቸው። ማሽኑን ልጆቻቸው ከኪሳቸው ገዝተውላቸዋል፤ ወይም ከሞተ ሰው ቤት የተረፈ ነው። እነዚህን የሚያውቃቸው ማን ነው? እድሩ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ጉባኤ ነው። የመስጊዱ ጀመዓ ነው።

እድር ምን እንደሆነ ለማታውቁት፦ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ወጪ የሚሸፍን፣ ለቅሶ የሚደርስ የሰፈር ማኅበር ነው። አሜሪካም መጥቶ አልቀረም። የእድር ጸሐፊ የእያንዳንዱን አባል ስልክ፣ አድራሻ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሆነ ያውቃል። አገር ቤት ጥሩምባ ነፊው በየመንደሩ እየዞረ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ይል ነበር። እዚህ ጥሩምባው ቴሌግራምና ዋትስአፕ ሆኗል። እማማ ማንበብ ይከብዳቸዋል፤ የድምፅ መልእክት ግን ሦስቴም አራቴም ይሰማሉ። የጤና መምሪያው ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ አንድ ደቂቃ የማይሞላ የአማርኛ ድምፅ አብሮ ይላክልን። ማሰራጨቱን ለኛ ተዉት። ትግርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ወንድሞቻችንም እንዲሁ ያደርጋሉ።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዋሽንግተን ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ አላት፤ በአማርኛም ታገለግላለች። በፌደራል ደረጃ መሥሪያ ቤቶች እንግሊዝኛ ለማይችሉ ሰዎች አገልግሎት እንዲያመቻቹ የሚያዘው በ2000 የወጣው የፕሬዚዳንት ትእዛዝ በማርች 2025 ተሽሯል። እንዲህም ሆኖ ከተማና ካውንቲ በራሳቸው ፈቃድ ከመሥራት የሚከለክላቸው የለም። ለማዕበልም ለቋንቋም የናንተ ውሳኔ ይበቃል።

ስለ ኩላሊት ሕመምተኞችም አደራ። ካትሪና ጊዜ 94 የእጥበት ማዕከላት ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ተዘግተዋል። በ2012 ሃሪኬን ሳንዲ ኒው ዮርክንና ኒው ጀርሲን ሲመታ ግን ብዙ ሕመምተኞች ማዕበሉ ሳይደርስ ቀድመው እጥበት አግኝተው ነበር። እነዚያ በቀጣዩ አንድ ወር ውስጥ ሆስፒታል የገቡትም የሞቱትም ካላገኙት ያነሱ ናቸው። ስለዚህ ሃሪኬን ወደ ገልፍ ሲያቀና ማዕከላቱ ቀጠሮ እንዲያስቀድሙ ግፉልን። መድን የሌላቸው ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞቻችን ኢንሱሊናቸው ፍሪጅ ውስጥ ሲበላሽ፣ የፌደራሉ የአደጋ ጊዜ የመድኃኒት እርዳታ ፕሮግራም በተከፈተ ጊዜ የ30 ቀን መድኃኒት በነጻ ማግኘት እንደሚችሉም ንገሩልን። አንድ የማውቀው ሰው አንድ ፋርማሲ ሄዶ ዋጋውን ሰምቶ ዝም ብሎ ወጥቷል። ስለ ፕሮግራሙ የነገረው የለም። እሱም መጠየቅ አላወቀም።

ይህ ከተማ ማስተናገድ እንደማይችል አድርጌ መጻፌ አይደለም። በ2005 ከካትሪና የሸሹትን አስትሮዶም ስታዲየም ውስጥ ተቀብሎ ክሊኒክ ያቆመ ከተማ ነው። በ2017 ሃርቪ ጊዜ ጆርጅ አር ብራውን አዳራሽ ውስጥ ወደ 10,000 ሰው አስጠልሏል። ያኔ እኔም እዚያ ብርድ ልብስ አከፋፍያለሁ። ወደ እናንተ የመጣውን ሰው ስትቀበሉ አይቻለሁ። የምለምናችሁ መምጣት ስለማይችለው ነው።

ለወገኖቼ ደግሞ፦ እድሮቻችን ስብሰባ ላይ ስለ ሬሳ ማጓጓዣ የምንነጋገረውን ያህል በሕይወት ስላሉት እንነጋገር። ማን ኦክስጅን ላይ ነው? ማን እጥበት ይሄዳል? መብራት ሲጠፋ ማን የማንን በር ያንኳኳል? ይህን ወረቀት ላይ እናስፍር። ጄኔሬተር ያለው ሰው ከቤት አርቆ፣ ከመስኮትም ከበርም አርቆ ያስነሳ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሱቅ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ ይገኛል፤ ለእናትህ ግዛላት።

የሃሪኬን ወቅት ጁን 1 ይጀምራል። እኛ እድር ውስጥ ዝርዝሩን ጀምረናል። በማሽን የሚኖሩትን ሰዎች ፈቃዳቸውን እየጠየቅን፣ የፎቅ ቁጥራቸውን፣ የልጆቻቸውን ስልክ፣ የሲሊንደር መጠናቸውን ጽፈናል። በየወሩ የመጨረሻ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እንሰበሰባለን። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ላኩልን፤ ዝርዝሩን ቁጭ ብለን አብረን እንየው፣ መጀመሪያ የማን በር እንደሚንኳኳ አብረን እንወስን። እማማም ይኖራሉ። ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቡናውንም የሚያፈሉልን እሳቸው ናቸው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከደቡብ ምዕራብ ሂዩስተን አንዲት የቤት ለቤት ተንከባካቢ